ጆሯቸውን የጣሉ ፈረሶች

መጋቢት 6

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺንም፣ እማዬንም፣ አባወራሽንም በሳቅ በጨዋታ ላይ ያግኛችሁ። እኔን ከመጥቆሬ በቀር የነካኝ ነገር የለም፤ እሱም የፀሐዩ ሥራ ነው። ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው።

እንግዲህ ተቀመጪና ወሬ ስሚ። አንሶላ መቀየር ቀረ! ይህ የፈረስ እርባታ እንግዳ እንደሚያሳድር ነግሬሻለሁ። እንግዳው የሚመጣው ለመኝታው አይደለም፣ ፈረስ ለመጋለብ ነው። ጠዋት ደረታቸውን ነፍተው በሰልፍ ይወጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ መቀመጫቸውን ይዘው እያነከሱ ይመለሳሉ። ታዲያ እነሱን ፎቶ የሚያነሳው ሰውዬ ሥራውን ለቆ ሄደ። ባለቤቲቱ «ካሜራ መያዝ የሚችል አለ?» ብላ ስትጠይቅ እጄ ሳላዘው ወጣ። ያኔ ካሜራ ተሸክሜ ከሰርግ ሰርግ ስዞር «ይሄ ደግሞ ሥራ ነው?» ትይኝ የነበርሽው ሴትዮ፣ አሁንስ ምን ትያለሽ?

ሥራው እንዲህ ነው። ከፈረሰኞቹ ቀድሜ በመኪና ወንዙ መሻገሪያ እደርስና ድንጋይ ላይ ቁጢጥ እላለሁ። ከታች ወደ ላይ ሲነሳ አጭሩም ሰው ጀግና ይመስላል። ከዚያ ኮረብታውን አነሳለሁ፣ ከኮረብታው ወዲያ ያለውን ሜዳ፣ ሣሩ በነፋስ ሲተኛ። ሰው ባይኖርበትም አነሳዋለሁ፤ አላስችል ይለኛል። ፎቶዎቹን አትሜ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሰሌዳ ላይ እሰካቸዋለሁ፣ እንግዳው ራሱን ፈልጎ ይገዛል።

ዋናው ግን የፈረሱ ጆሮ ነው እትዬ። ጆሮው ወደ ፊት ካልቆመ ፈረሱ ያኮረፈ ይመስላል። ያኮረፈ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ የራሱን ፎቶ አይወድም። ስለዚህ ኪሴ ውስጥ ፌስታል አለ። ልክ ላነሳ ስል በግራ እጄ ኮሽ ኮሽ አደርገዋለሁ፤ ፈረሶቹ «ምንድነው እሱ?» ያሉ ይመስል ጆሯቸውን ቀጥ! ፈረሶቹን የሚጠብቀው ባልደራስ «አንቺ ሴትዮ፣ የአንቺ ፌስታል ከእኔ ልጓም በለጠ» ይለኛል።

ለእማዬ ይህን ንገሪልኝ፦ ቃሌ ቃል ነው። አባዬን የጋሪው ፈረስ ከረገጠው በኋላ «ከልጆቼ ከሰኮና ጀርባ የቆመች ጡቴን እንደነከሰች ነው የምቆጥረው» ማለቷን አልረሳሁም። ፈረስ ላይ አልወጣም፣ ከኋላውም አልቆምም። ወቅቱ ሐምሌ መጨረሻ ሲዘጋ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ስልክ አይሠራም። ቢሠራም እማዬ «ስልክ ጆሮዬን ያሳክከኛል» ካለች ቆየች። ስለዚህ ፎቶ ልኬላታለሁ።

የአንቺው ቁንጥንጧ


ሚያዝያ 2

ለቁንጥንጧ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የቆምሽበት ሜዳ ይለምልምልሽ፣ የያዝሽው ካሜራ ይባረክልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኛ ደህና ነን። አባወራው ደህና ነው፣ ያንኮራፋል። የስፌት መኪናዬ ብቻ ታማ ነበር፣ እሷም ዘይት ጠጥታ ተነሳች።

ፎቶሽ የገባ ቀን ሥራ ፈታን። የጎረቤት ልብስ በመርፌ እንደተሰካ ቀረ። እማዬ ፎቶዎቹን መስኮቱ ጋ ወስዳ አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ እያደረገች ስታያቸው ዋለች።

«ይሄ ኩሩ የማን ልጅ ነው?» ትለኛለች።

«እንግዳ ነው እማዬ።»

«ምን አኮራው?»

«ፈረስ ላይ ወጥቶ ነዋ።»

«ሲወርድ ይለቀዋል።»

ደግሞ ሌላውን አንስታ፣ «እሷስ የታለች?»

«ፎቶውን ያነሳችው እኮ እሷ ናት።»

«ታዲያ ፎቶ አንሺ ፊት የለውም?»

ሁሉንም አገላብጣ ፈለገችሽ፣ ጀርባቸውን ሳይቀር። እኔ ደግሞ የፌስታሉን ነገር ሳነብላት በሳቅ ሞተች። ካላየሁ አላምንም ብላ ድመቷ ላይ ሞከረችው። ድመቷ ጆሮዋን ማቆም ትታ ሥጋ የመጣ መስሏት ፌስታሉ ውስጥ ገባች። እስካሁን ኮሽ ባለ ቁጥር እየሮጠች ትመጣለች፤ ቤቴን አበላሽተሽብኛል።

አሁን የእማዬን ቃል ልጻፍልሽ፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ጻፊ» እያለችኝ ነው። አንደኛ፣ ገንዘብ መላኩን ትተሽ ለመሳፈሪያሽ አስቀምጪው። እኛ ጠግበን እናድራለን። ሁለተኛ፣ ፎቶውን ስታትሚው ተለቅ አድርጊው። ሦስተኛ፣ አንቺ ያለሽበት ፎቶ ላኪ። የተጎሳቆልሽ እንደሆነ ከፊትሽ ላይ አነበዋለሁ ብላለች። በመጨረሻ፣ ቶሎ ነይ። «ቶሎ የሚለውን ሁለት ጊዜ ጻፊው» አለችኝ። ቶሎ።

ለምን እንደምትቸኩል እኔን አትጠይቂኝ። እናት ናት። ዓይኗን ደግሞ አንዳንዴ ያዝ ያደርጋታል፣ የዕድሜ ነገር ነው፣ አታስቢ።

እህትሽ


ግንቦት 1

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከደጃፉ ጀምሮ እስከ ጓዳው ይድረስ፤ ድመቷንም አትርሱብኝ። እኔ ደህና ነኝ።

ፎቶዎቹን በትልቁ አትሜያቸዋለሁ። የወንዙን ለብቻው ጠቅልዬዋለሁ፣ እሱን የምወደው ነው። ፈረሶቹ ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው፣ የፊተኛው ዳማ ፈረስ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ውኃው ከሰኮናው ሥር እንደ ብርጭቆ ሲሰበር። ጆሮዎቹን እያቸው! ፌስታሌ አላሳፈረችኝም።

ከጥጉ ያለው ቡላ ፈረስ ገና አዲስ ነው፣ ሰው አልለመደም። ባልደራሱ «ይሄ ጥላውንም ያየ እንደሆነ ይደነብራል» ይላል። እኔን ግን ወዶኛል። ፌስታሉ ውስጥ ካሮት አለ ብሎ ነው መሰለኝ አፍንጫውን ኪሴ ውስጥ ይከታል።

እማዬ ለምን ፎቶው ውስጥ እንደሌለሁ ጠይቃለች አይደል? እንዲህ በያት፦ ፎቶ አንሺ ማለት ፎቶውን የሚያየው ሰው በቆመበት የሚቆም ነው። ወንዙን ስታይ ወንዙን ያየሁት እዚያው እሷ ባለችበት ሆኜ ነው። ስለዚህ የጠፋሁ እንዳይመስላት፤ እኔ በእሷ በኩል ነኝ። ፊቴን ለማየት ደግሞ ብዙ አልቀራትም፣ ነሐሴ ሳይጋመስ እገባለሁ። ትኬቱን ይዣለሁ!

ተለቅ አድርጊው ያልሽው ግን ለምንድነው? ግድግዳ ላይ ልትሰቅሉት ነው?

ቁንጥንጧ


ሰኔ 3

ለእህቴ፣ ለመንገደኛዋ፣

መንገድሽ የቀና፣ ጓዝሽ የቀለለ ይሁን። እኛን አትጠይቂን፣ ደስታ አሳብዶናል።

አዎ፣ ግድግዳ ላይ ልንሰቅለው ነው። አሁን ስለ ግድግዳ ተዪኝና ስለ ቀሚስ ልጠይቅሽ። ጨርቅ ቆርጬ ቁጭ ብያለሁ። ወገብሽ እንደ ድሮው ነው ወይስ የእርባታው ምግብ ተስማምቶሻል? እውነቱን ጻፊ፣ አልስቅም። እስቃለሁ፣ ግን ሰፋ አድርጌ እሰፋዋለሁ።

አባወራው ቤቱን ኖራ እየቀባ ነው። ፊቱም ኖራ ሆኗል፣ ድመቷ አላውቀውም አለች። እማዬ ደግሞ ውጭ ደረጃው ላይ ወጥታ መቀመጥ ጀምራለች። ያቺ የአባዬ ደረጃ። ትዝ ይልሻል? በክራንች ሦስቷን መውጣት አቅቶት፣ ሥሯ ወንበር አውጥተንለት፣ የገዛ ቤቱን ከውጭ እያየ ያመሽ ነበር። እማዬ አሁን እዚያ ቁጭ ብላ መኪና ባለፈ ቁጥር «ቆመ?» ትለኛለች።

«ኧረ እማዬ ገና ሁለት ወር አለ» ስላት፣

«ልምምድ ነው» ትላለች።

የወንዙን ፎቶ ትራሷ ሥር አድርጋዋለች። «በእኔ በኩል ናት አለች?» ብላ ያን ቦታ ደጋግማ አስነበበችኝ።

እህትሽ


ነሐሴ 19

ለእህቴ፣

ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ። በሰኔ የላክሁት ደርሶሻል? በሐምሌም ልኬ ነበር።

ነሐሴ ተጋመሰ። ቀሚሱ አልቆ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እማዬ ደረጃው ላይ መቀመጧን አልተወችም። ትናንት ዝናብ መጣና «ግቢ እንጂ» ስላት «አንቺ ግቢ፣ እኔ መኪና እየሰማሁ ነው» አለችኝ። መኪና እየሰማሁ ነው ነው ያለችው፣ እያየሁ አላለችም። ብቻ ተዪው።

ሁለት መስመር ብትጽፊ ምን አለበት? «አለሁ» ብለሽ ብቻ ጻፊ።

እህትሽ


መስከረም 14

ለእትዬ፣

በመዘግየቴ ይቅር በሉኝ። ደብዳቤዎችሽ ሁሉም ደርሰውኛል።

ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶ ነው። ባለቤቲቱ በብርዱም ወራት እንግዳ እቀበላለሁ ብላ እኔን አስቀርታኛለች፤ እምቢ ለማለት አልመቸኝም። ስለዚህ ዘንድሮ አልመጣም። ለእማዬ እንደሚሆን አድርገሽ ንገሪያት። እሺ?

ቀሚሱን አታፍርሺው። ወገቤ እንደ ድሮው ነው፣ እንዲያውም ጠቧል።

ጥቂት ፎቶ ልኬያለሁ። በትልቁ ነው ያተምኩት።

እህትሽ


ጥቅምት 8

ለእህቴ፣

ጤናሽ ይብዛ። ባለቤቲቱንም ፈጣሪ ይስጣት፤ የሚሰጣትን እሱ ያውቃል፣ እኔ አልመርጥላትም።

ለእማዬ ነገርኳት። «እሺ» አለች። እሺ ስትል ከምትሳደብ ይብሳል፣ ታውቂያታለሽ። ያን ቀን ደረጃው ላይ አልወጣችም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪ። ፎቶዎቹን አየኋቸው። ሜዳው ያው ነው፣ ፈረሰኞቹም ያው ኩሮች ናቸው። ፈረሶቹ ግን ጆሯቸውን ጥለዋል። ሁሉም! አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ፣ እንደታጠበ ካልሲ። ሁሉንም አንድ ቦታ ሆነሽ ያነሳሻቸው ይመስላል። ቡላው ጭራሽ የለም። ይህንኑ ለእማዬ ስነግራት «ፌስታሏ አልቆባት ይሆናል፣ ላኪላት» አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሷ ግን የምሯን ነው። እንግዲህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያገኘሽው የፌስታል ጥቅልል ከእናትሽ ነው። እጥፋቱን ራሷ ነች ያጠፈችው። በድመቷ ሞክራ «ኮሽታው ደህና ነው» ብላ ፈርማበታለች።

ሌላም ልመና አላት። ከእንግዲህ ፎቶ ስትልኪ ጀርባው ላይ ጻፊበት። የትኛው ፈረስ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ፀሐዩ በየት በኩል እንደሆነ፣ ሣሩ ምን እንደሚመስል፣ አንቺ የት እንደቆምሽ። «በራሷ አፍ ትንገረኝ» ትላለች። እኔ ስነግራት አይጥማትም አሉ። ቀይ የምለውን ሁሉ እጠራጠረዋለሁ ትለኛለች፣ ልብስ ሰፊ መሆኔን ረስታ!

ጻፊልን። ሰበብ አትፈልጊ።

እህትሽ


ኅዳር 11

ለእትዬ፣ ለእማዬም፣

ሰላም ለቤታችሁ። ፌስታሎቹ ደረሱኝ። እጥፋታቸውን አልፈታሁትም፣ እንዳሉ ሳጥኔ ውስጥ ናቸው። እማዬን አመሰግናለሁ በያት።

ያለችኝን አድርጌያለሁ፤ በየጀርባው ጽፌያለሁ። እንዳይደባለቅ ግን እዚህም ልድገመው።

የመጀመሪያው፦ ጉራቻው ነው። ጥቁር፣ ከላብ የተነሳ ደግሞ እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ። ላዩ ላይ ያለችው ሴት ፈረስ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ ጋማውን በሁለት እጇ ጨብጣለች፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ፀሐዩ በስተቀኝ ነው።

ሁለተኛው፦ ኮረብታው ብቻ። ሰው የለም። ሣሩ ደርቆ የአንበሳ ጀርባ መስሏል። ከላይ የሚታየው ቀጭን መስመር ፈረሶቹ በየቀኑ ሲሄዱበት ያወጡት መንገድ ነው። እኔ ታች አጥሩ ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ።

ሦስተኛው፦ በጠዋት ነው፣ ከበርጩማው ተነስቼ ቆሜ ያነሳሁት። ፀሐዩ ከኋላዬ ስለነበር ጥላዬ ፎቶው ውስጥ ገብቷል፣ ከታች ረዝሞ ይታያል። ይህ የጀማሪ ስህተት ነው፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እጥለው ነበር። ግን ቡላው ቀና ብሎ ያየኝ በዚህ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳየው ይሸሻል። ስለዚህ አልጨከንኩበትም።

እህትሽ


ታኅሣሥ 20

ለእህቴ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

ደህና ሁኚልኝ። ሌላ ምርቃት አልመጣልኝም፣ እሱ ይበቃል።

ከዚህ በላይ አልደብቅሽም፤ የጻፍኩልሽን ሁሉ ተቀምጬ ሳስበው አንቺም ሳይገባሽ አልቀረም። እማዬ አታይም። በሚያዝያ መስኮቱ ጋ ቀረብ ራቅ የምታደርገው ብርሃኑ እየከዳት ስለነበር ነው። ሐኪሙ «አይመለስም» አለን። ቶሎ ነይ ያለችሽ ጨርሶ ሳይጠፋ ፊትሽን ለማየት ነበር። ሐምሌ ላይ አበቃ። «ለእሷ እንዳትነግሪያት፣ ሥራዋን ጥላ እኔን ስትመራ ትቀራለች» ብላ አስምላኛለች። ስንት ጊዜ ልጽፍልሽ ብዕር አንስቼ ተውኩት።

የዛሬው ግን ግራ ስለገባኝ ነው። የቡላውን ፎቶ ጀርባ ሳነብላት፣ «ጥላዋ አለበት?» አለች።

«አዎ፣ እዚህ ከታች።»

«ጣቴን አስቀምጪልኝ።»

ጣቷን ይዤ ጥላሽ ላይ አስቀመጥኩላት። ይህ ራስሽ፣ ይህ ትከሻሽ እያልኩ እንደ ልብስ ንድፍ ዙሪያውን አዞርኳት። ፈገግ አለች። «አልወፈረችም» አለች። ከዚያ ጎንሽ ጋ ስንደርስ፣

«ይሄ ከብብቷ የወጣው ምንድነው?»

«የካሜራው ማቆሚያ ነው፣ በብብቷ ይዛው ነው።»

«ማቆሚያው ስንት እግር አለው?»

«ሦስት።»

«እዚህስ?»

«አንድ ነው የሚታየው። ሲታጠፍ እኮ አንድ ይመስላል እማዬ።»

ጣቷ ከታች እስከ ብብትሽ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ከዚያ ፎቶውን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ዞረች። አልቅሳ ይሁን ተኝታ አላውቅም።

በነጋታው አባወራውን ጠርታ «ግንበኛ አምጣልኝ» አለችው። የመግቢያውን ደረጃ አስፈርሳ ተዳፋት ልታሠራ! «ጉልበቴ ነው» ትላለች። ጉልበቷ እኮ ከእኔ ይሻላል! ከዓይኗ በቀር ምኗም አልታመመም። እርጅና ነው እንበል? ግንበኛው ገብቷል፣ ግቢው ድንጋይ በድንጋይ ሆኗል፣ ደንበኞቼ በመስኮት ነው ልብስ የሚቀበሉኝ። ለአንቺ ያላት መልእክት አንድ ብቻ ነው፦ «ፎቶ አይበቃኝም፤ ትምጣ። ደረጃ የለም በያት።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከገባሽ ጻፊልኝ። እኔን ደክሞኛል።

እህትሽ


ጥር 15

እትዬ፣

ገብቶኛል። «ደረጃ የለም» የሚለውን አንብቤ ጋጣው በር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ባልደራሱ ሰው የሞተብኝ መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ።

ያ የካሜራ ማቆሚያ አይደለም። ክራንች ነው። እማዬ የአባዬን ጥላ ያን ሁሉ ዓመት ስታይ ኖራ እንዴት ይጠፋታል?

ሐምሌ ላይ ነው። ነፋስ ነበር። ፌስታሉን ኮሽ ላደርግ ሳወጣው ከእጄ አመለጠ፣ በርሮ ቡላው ፊት ላይ ተለጠፈ። ደነበረ። እኔ ከፊቱ ነበርኩ እትዬ፣ ከኋላው አልቆምኩም። እሱ ነው ዞሮ ጀርባውን የሰጠኝ። ዳሌዬን መታኝ። ሐኪም ቤት ብዙ ተኛሁ፣ አጥንቱን በብረት ያዙት። ግራ እግሬ ግን አጠረ፤ ያለ ክራንች አልሄድም። አሁን ባልደራሱ በመኪና አድርሶ በርጩማ ላይ ያስቀምጠኛል፣ ከዚያው ሆኜ ነው የማነሳው። የፌስታል ኮሽታ ስሰማ ጆሮዬን እይዛለሁ። ፈረሶቹ ጆሯቸውን የጣሉት ለዚያ ነው።

ለምን እንደቀረሁ ታውቂያለሽ? ዓይኗን ፈርቼ። አባዬን ያየችበት ዓይን እኔንም እንዳያይ ብዬ። ለካ የፈራሁት ዓይን እኔኑ ሲጠብቅ ደክሞት ጠፍቷል።

የካቲት ሃያ እገባለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ፣ አሁን የሚያስቀረኝ የለም። ለእማዬ ይህን ደብዳቤ አንብቢላት፤ አትዝለዪ። በእጇ ትየኝ። ክራንቹንም ትንካው።

ቁንጥንጧ


የካቲት 6

እህቴ፣

ዛሬ ተቀመጪ የምልሽ ለወሬ አይደለም። ባልደራሱን ጥሪውና አጠገብሽ ይቁም፣ ከዚያ አንብቢው።

እማዬ የለችም። ሳንባዋን ብርድ መታት፣ አልቆየችም። ደብዳቤሽ የደረሰው ከቀበርናት በነጋታው ነው። ፖስተኛው «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ከልጃችሁ ነው» ብሎ ሰጠኝ፤ ምን ያውቃል እሱ።

ሳነበው ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ፣ እኔ ደንቆሮዋ። ያልጻፍኩልሽን ልንገርሽ። ግንበኛው ተዳፋቱን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ እማዬ የአባዬን ክራንች ከዕቃ ቤት አስወጣችኝ። «ምን ያደርግልሻል? ከዘራ እንግዛልሽ» ብላት አልሰማችኝም። በብብቷ ያዘችው፣ አንድ እግሯን አንስታ በሌላው ወጣች። ያቺ ዓይነ ስውር አሮጊት! እኔ ከኋላ ሆኜ ልይዛት ስል «ልቀቂኝ» ትለኛለች። ላይ ደርሳ ቆመች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ይሄ ቀጥ ይላል፤ ብብት ያማል» አለችው ግንበኛውን። «አፍርሰውና ረዘም አድርገህ፣ ዝቅ አድርገህ ሥራው።»

«እማማ፣ ለእርስዎ ይበቃል እኮ!»

«ለእኔ ማን አለህ?»

እኔ የጃጀች መስሎኝ ለግንበኛው በዓይኔ «ያለችህን አድርግ» አልኩት። አፍርሶ ሠራው። እንደገና ክራንቹን ይዛ ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች። «አሁን ሆነ» አለች። «ለአባታቸው ሳላደርገው ቀረሁ።» ይህንንም ሰምቼ አልገባኝም። ቀሚስ ስሰፋ ለክቼ ነው የምሰፋው፤ እናቴ ማንን እየለካች እንደሆነ አላወቅሁም።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ የወንዙን ፎቶ ከትራሷ ሥር አውጪልኝ አለች። ያዘችው። ላስቃት ብዬ «እህ፣ አሁንስ ፊቷን አገኘሽው?» አልኳት።

«እዚያ ምን ትሠራለች?» አለች። ደረቷን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «በዚህ በኩል ናት እኮ።»

ፎቶው እጇ ላይ ነበር ሲያበቃ። ከእጇ አላወጣሁትም፣ አብሯት ሄዷል። ሌላ ታትሚልኛለሽ።

ደብዳቤሽን አንብቢላት ብለሽ የለ? ወስጄ እዚያው አጠገቧ ቆሜ አነበብኩላት። አልዘለልኩም። የቡላው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ለአባወራው ሰጠሁት፣ እሱ ጨረሰው።

እንግዲህ አልቀርም እንዳልሽው አትቅሪ። አሁን ምን አደርጋለሁ ብለሽ ትኬቱን እንዳትመልሺ፣ ውርድ ከራሴ። ቀሚሱን አወረድኩት፣ ግራውን ጫፍ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፤ ስትለብሺው ይስተካከላል። ፌስታሉን ሁሉ ከቤት አውጥቻለሁ። ድመቷ አኩርፋለች፣ ትልመደው።

ዛሬ ጠዋት ግንበኛው ለቅሶ ሊደርሰን መጣ። የድሮው ደረጃ ድንጋይ ጥግ ላይ እንደተከመረ ነው። ዓይኑ እዚያ ላይ አርፎ፣ ለሰው አሳቢ ነውና፣ «እትዬ፣ እማማ ካረፉ ደረጃውን ልመልስላችሁ እንዴ?» አለኝ። «ያለ ገንዘብ እሠራዋለሁ።»

«ተወው» አልኩት። «በተዳፋቱ የሚወጣው ሰው ገና አልደረሰም።»

እህትሽ